ያላቻ ጋብቻ

የእህቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ባለፈ በሳምንቱ እናቱ ከዱባይ ደወለችልኝ። እህቴ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛለች። "ካለፍክ ጥሩ ስክሪን እገዛልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። ብሩን ልኬልሃለሁ። መቼም አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፤ ደህናውን ምረጥለት" አለችኝ። የላከችው ገንዘብ የሁለት ወር ደመወዟ መሆኑን የሰማሁት ቆይቶ፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

"አንተ ታውቃለህ" የምትባል ነገር ሰው ታሳብዳለች። እኔ የማውቀው ኮምፒውተር በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ መሥሪያ ቤታችን የገባውን፣ ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚጽፈውን ነው። ያኔ ሁለት ሦስት ትእዛዝ በመልመዴ ብቻ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቤተሰቡ ኮምፒውተር አዋቂ ሆኜ ኖርኩ። ሬዲዮ ሲበላሽ ሳይቀር የምጠራው እኔ ነኝ። ታዲያ ይህንን ማዕረጌን ይዤ ቦሌ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ጌም እንደሚጫወት ለሻጩ ነገርኩት። "እንግዲያውስ ጋሼ፣ የእርስዎ ይሄ ነው! ፎርኬ ነው፣ ሃያ ስምንት ኢንች። ከዚህ በላይ የለም" አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አበራልኝ። የባሕር ውስጥ ፊልም ነበር፤ ዓሣው ከመስታወቱ ወጥቶ ሱቁ ውስጥ ሊዋኝ ምንም አልቀረው። ስለ ልጁ ኮምፒውተር አንድም ነገር አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

የመጀመሪያው ቀን ሠርግ ነበር። ፎቶ ተከፈተበት፣ የእናቱ ምስል ሙሉ ስክሪኑን ሞላው፣ አያቱ እልል አሉ። ልጁም ጉልበቴን ሳመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሳላስታውቅ ብሄድ፣ አሮጌውን ሃያ ሁለት ኢንች ስክሪን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ሲጫወት አገኘሁት። አዲሱ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ አንሶላ ለብሷል። ልጁ ሲያየኝ የሰረቀ ሰው መሰለ። "አጎቴ፣ ስክሪኑ እኮ በጣም ቆንጆ ነው። ካርዱ ነው የማይችለው" አለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። በአሮጌው ሲጫወት በሰከንድ ከመቶ በላይ ሥዕል የሚያቀብለው ጂቲኤክስ 1060 የሚባለው ካርዱ፣ በአዲሱ ላይ አዳዲሶቹን ጌሞች ሲከፍት በሰከንድ ሃያ ምናምን ላይ ቀርቶ ያቃስታል። ጠላት ሲመጣ እስኪዞር ድረስ ይገደላል። ስክሪኑን ወደ ሱቁ መልሼ ብወስደው "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩኝ።

ሽማግሌዎቻችን "ያላቻ ጋብቻ" የሚሉት ይህንን ነው። ሙሽራዋም ጨዋ፣ ሙሽራውም ጨዋ፤ ጥፋቱ የአማላጁ ነው። አማላጁ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ያን ማታ እልህ ይዞኝ ማንበብ ጀመርኩ። ስክሪንና ካርድ ተለያይተው የሚሸጡ፣ ግን አንዱ ያለ ሌላው የማይረባ እንዲሆኑ ያደረጋቸው ማን ነው? ማነው አዛዥ፣ ማነውስ ታዛዥ? ያነበብኩትን እነሆ ላካፍላችሁ። (ነገሩ የፈረንጅ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

በመጀመሪያ ጋብቻ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁለቱ አንድ ነበሩ። በ1958 አሜሪካ ብሩክሄቨን በተባለው ቤተ ሙከራ ዊሊያም ሂጊንቦተም የተባለ የፊዚክስ ሰው፣ ለጎብኚዎች መዝናኛ ብሎ የኤሌክትሪክ ምት መመልከቻ በሆነ መሣሪያ ላይ ቴኒስ የሚያጫውት ነገር ሠራ። ሠሪው አንድ፣ ዕቃውም አንድ፤ "የትኛው ከየትኛው ይስማማል?" ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። ጭንቀቱ የመጣው ጌም ወደ ቴሌቪዥን ሲጠጋ ነው። አታሪ የተባለው ኩባንያ በ1972 ፖንግን ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ የተከተተው ከሱቅ የተገዛ ተራ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር።

ቴሌቪዥን ደግሞ የራሱ አመል አለው። በውስጡ ያለው የኤሌክትሮን ጨረር መስታወቱን ከላይ እስከ ታች በመስመር በመስመር እየጠረገ ይወርዳል፤ አሜሪካ ውስጥ ይህንን በሰከንድ 60 ጊዜ ያደርገዋል፣ አውሮፓ ውስጥ 50 ጊዜ። ለምን 60? ለምን 50? መልሱ የሚገኘው መብራት ኃይል ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መስመር በሰከንድ 60 ጊዜ ይመታል፣ የአውሮፓው 50 ጊዜ (የእኛም 50 ነው)። የቴሌቪዥኑ ምት ከመብራቱ ምት ካልገጠመ ምስሉ ላይ የሚንሳፈፍ ጥላ ስለሚያስቸግር፣ የቀድሞዎቹ መሐንዲሶች ሁለቱን አስማሙ። ይገርማችኋል፣ ዛሬ የእህቴ ልጅ ስክሪን ጀርባ ላይ "60 ሄርዝ" ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ከአሜሪካ የኃይል ማመንጫ የተወረሰ ነው።

እናም ስክሪኑ ንጉሥ ሆነ። የአገዛዙን ክብደት ለማየት በ1977 የወጣውን የአታሪን የቤት ጌም ማጫወቻ ማየት ይበቃል። ማስታወሻው 128 ባይት ብቻ ነው። ይሄ የማተሚያ ስህተት አይደለም፤ 128 ባይት ማለት ይህ አንቀጽ እንኳ የማይገባበት ቦታ ነው። አንድ ሙሉ ሥዕል አስቀምጦ "እንካ አሳይ" የሚልበት ጓዳ አልነበረውም። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ጨረሩ መስመር እየጠረገ ሲወርድ ከጨረሩ ጋር እየሮጠ፣ መስመሩ ከመድረሱ በፊት የዚያን መስመር ቀለም ማቀበል ነበረበት። ለአንድ መስመር የተሰጠው ጊዜ 76 የማሽን ምት ነው። ጌሙ "ኳሱ የት ደረሰ? ማን አገባ?" ብሎ የሚያስበው ጨረሩ ታች ደርሶ ወደ ላይ እስኪመለስ ባለችው ክፍተት ነው። እንጀራ ምጣዱ ላይ ሳለ ሊጥ እያቦኩ ማለት ነው።

በ1981 አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ነው ጋብቻው በይፋ የተጀመረው። ስክሪኑ ለብቻ፣ ካርዱ ለብቻ። ካርዱም ሁለት ዓይነት ነበር፦ አንዱ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ፣ ሌላው ቀለም ያለውና ሥዕል የሚያሳይ። ለጽሑፉ ካርድ አረንጓዴው ስክሪን ተሠራለት (የእኔው የመሥሪያ ቤት ወዳጄ!)፣ ለቀለሙ ካርድ ደግሞ ሌላ ስክሪን። የሁለቱ ምት አይገናኝም። የአረንጓዴው ጨረር በሰከንድ ከ18 ሺህ በላይ መስመር ሲጠርግ፣ የቀለሙ ወደ 16 ሺህ ይጠጋል። ሆኖም መሰኪያቸው አንድ ዓይነት፣ ባለ ዘጠኝ እግር ነበር! በስህተት አንዱን ከሌላው ብትሰካው የሚከለክልህ የለም። አረንጓዴው ስክሪን የራሱ ምት ስለሌለው ከካርዱ የመጣለትን ምት በቀጥታ ይከተላል፤ ያልለመደውን ምት ከሰጡት ደግሞ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያመነጨው ክፍሉ ሊቃጠል ይችል ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ዘመን ያላቻ ጋብቻ የሚያስከትለው ቅሬታ ብቻ ሳይሆን ጭስ ነበር። እኛ መሥሪያ ቤት "ከመካኒኩ በቀር ማንም ሰው ገመድ እንዳይነካ" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ ያኔ በልቤ ስስቅበት የነበረው ሰው አሁን ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው ባልፍ የሚቆጨኝ ሰው አለ። ቫን ሱዋኑኩል የተባለ የታይላንድ ተወላጅ መሐንዲስ የዶክትሬት ጽሑፉን በገዛ ፊደሉ በአይቢኤም ኮምፒውተር ሊጽፍ ፈለገ። የጽሑፉ ካርድ ጥርት ያለ ነው፤ ግን በውስጡ ከተቀረጹለት የላቲን ፊደላት በቀር ሌላ አያውቅም። የቀለሙ ካርድ ሥዕል ይችላል፤ ግን ነጥቦቹ ጎላ ጎላ ያሉ ስለሆኑ ረቂቅ ፊደል አይዋጣለትም። ሰውየው ምን አደረገ? አረንጓዴውን ስክሪን ሳይነካ፣ የዚያን ስክሪን ምት የሚያውቅ፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻ ማብራት የሚችል ካርድ ራሱ ሠራ። በ1982 ሄርኩለስ በሚል ስም ወጣ፤ 720 በ348 ነጥብ። በዓለም ላይ ብዙ ከተሸጡት ካርዶች አንዱ ሆነ። ከላቲን ውጭ ፊደል ላለው ሕዝብ ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የ"ሰ"ና የ"ሱ" ልዩነት አንዲት ቅጥያ በሆነችበት በእኛ ፊደል ነጥብ መቆጠብ ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ልብ በሉ፤ ሰውየው ትልቅ ስክሪን አልገዛም። ያለውን ስክሪን አጥንቶ የሚመጥነውን ካርድ ነው የሠራለት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለስለስ ያለ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኤንኢሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ብዙ ምት የሚቀበል ስክሪን አወጣ፤ የሚቃጠል ነገር እየቀነሰ መጣ። በ1987 አይቢኤም ቪጂኤን አመጣና ባለ አሥራ አምስት እግሩ መሰኪያ ለሁሉም የጋራ ቋንቋ ሆነ። ቢሆንም ስክሪኑ ንግሥናውን አልተወም። በ1993 የወጣውና ስንቱን ከሥራ ያስፈታው ዱም የተባለው ጌም በሰከንድ ከ35 ሥዕል በላይ አይሄድም ነበር። ለምን 35 ቢሉ፣ ጌሙ የሚጠቀምበት የቪጂኤ ስልት ስክሪኑን በሰከንድ 70 ጊዜ ስለሚያድሰው፣ የዚያ ግማሽ ነው። የጌሙ ዓለም ሰዓት ሳይቀር የተቆረጠው በስክሪኑ ልክ ነበር። ጠቅላላ ሥዕሉም 320 በ200፣ ማለትም 64 ሺህ ነጥብ ብቻ። ለእህቴ ልጅ የገዛሁለት ስክሪን የዚያን 130 እጥፍ ይጠይቃል።

በ1996 ቩዱ የተባለው የሦስት አውታር ካርድ መጣ፤ በ1999 ደግሞ ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256ን አወጣና ካርዱ ከተራ ሥዕል አቀባይነት ወጥቶ ራሱን የቻለ አንጎል ሆነ። የእነዚያ ዓመታት ጌመሮች የታደሉ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባለ ሆዱ የመስታወት ስክሪን "የኔ ልክ ይህ ብቻ ነው" የሚል ግትርነት አልነበረውም። ካርድህ ከደከመ የነጥቡን ብዛት ትቀንሳለህ፤ ስክሪኑ በደስታ ይቀበልሃል፣ እንዲያውም ጨረሩ የሚጠርገው መስመር ስላነሰ በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ሊያድስልህ ይችላል። ቻይ የትዳር ጓደኛ ነበር።

ከዚያ ስስ ስክሪን መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓለም ሁሉ ሆዳሙን እያወጣ ሲጥል፣ በእኛም ቤት ሳሎኑ ተለወጠ። እናቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ታነጥፈው የነበረው ዳንቴል ማረፊያ አጣ፤ ብዙ ጊዜ ከስሱ ስክሪን ጀርባ ወድቆ ተገኝቷል። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ቦታ ተገኘ፣ ጠረጴዛው ቀለለ። ግን የጠፋውን ነገር ያየው ጌመሩ ነው። ስሱ ስክሪን የተሠራው በተቆጠሩ ነጥቦች ነው። ከቁጥሩ በታች የሆነ ሥዕል ከሰጠኸው ዘርግቶ፣ አድበስብሶ ያሳይሃል። ምቱም በአብዛኛው 60 ላይ ተቸነከረ። ካርዶቹ በየዓመቱ እየፈረጠሙ፣ ስክሪኑ ግን የአሜሪካን መብራት ኃይል ውርስ ይዞ ቆመ።

ከዚህ የሚመጣውን ጣጣ ለማስረዳት ትራንስፖርት ልጥራ። 60 ሄርዝ ስክሪን በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ እንደሚነሳ ባቡር ነው። ካርዱ ሥዕሉን በሰዓቱ ካደረሰ ይሳፈራል። በመሃል፣ ባቡሩ ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ አዲስ ሥዕል ቢወረውርበት፣ ላዩ የድሮ ታቹ የአሁን የሆነ የተቀደደ ምስል ይታያል። "ይህ እንዳይሆን ካርዱ ባቡሩን ይጠብቅ" ተብሎ ደንብ ወጣ። ይሄም የራሱ መከራ አለው። ሥዕሉ በ16.7 ፋንታ በ17 ሚሊ ሰከንድ ከደረሰ ባቡሩ ሄዷል፤ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው። በሰከንድ 60 የነበረው ፍጥነት ባንዴ 30 ይሆናል። ሚሊ ሰከንድ እንኳ ላልሞላች መዘግየት የግማሽ ቅጣት! ጌመሩ ከተቀደደ ምስልና ከሚንቀረፈፍ ምስል አንዱን እንዲመርጥ ተፈረደበት።

በ2009 ኤንቪዲያ ባለ መነጽር የሦስት አውታር ጨዋታ አመጣ። ለእያንዳንዱ ዓይን በየተራ 60 ሥዕል ስለሚያስፈልግ ሳምሰንግና ቪውሶኒክ በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ሠሩለት። መነጽሩ ብዙ ሳይቆይ የሰው ፍላጎት አጣ፤ በ2019 ኩባንያውም ድጋፉን አቆመ። ግን ሰዎች መነጽሩን አውልቀው ሲጫወቱ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ስክሪኑ ራሱ ውኃ እንደሚፈስ ለስላሳ ነው። ለመነጽር ተብሎ የተሠራው ፍጥነት መነጽሩን ቀብሮ ብቻውን ኖረ። 144፣ 240 እያለ ዛሬ ከዚያም አልፏል።

የንግሥናው መገልበጥ ግን የተጀመረው በጥቅምት 2013 ነው። ኤንቪዲያ ሞንትሪያል ላይ ጂሲንክ የተባለውን አስተዋወቀ። ሐሳቡ ከተሰማ በኋላ "ይሄማ ግልጽ ነበር" የሚባል ዓይነት ነው፦ ካርዱ ስክሪኑን ከሚጠብቅ፣ ስክሪኑ ካርዱን ይጠብቅ። ሥዕሉ ሲያልቅ ያኔ አሳይ። ለአዲስ አበባ ሰው ይህንን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ባቡሩን ትተህ ታክሲ ያዝ ማለት ነው። የእኛ ታክሲ ሰዓት አያውቅም፤ ሲሞላ ይነሳል። ስክሪን እንደ ታክሲ ሆነ። ለአርባ ዓመት ያህል የመብራት ኃይል ሎሌ የነበረው ምት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የካርዱን እስትንፋስ ይከተል ጀመር።

መቼም ጥሩ ነገር ያለ ጥል አይመጣም። ጂሲንክ ያኔ ስክሪኑ ውስጥ የኤንቪዲያን ልዩ ሰሌዳ መትከል ይጠይቅ ነበር፤ ዋጋውን ያንረው ነበር፤ የሚሠራውም ከኤንቪዲያ ካርድ ጋር ብቻ ነበር። ተፎካካሪው ኤኤምዲ በ2014 መጀመሪያ ላይ ተመሳሳዩን ነገር ያለ ልዩ ሰሌዳ፣ በላፕቶፕ አሳየ። ላፕቶፖች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ምታቸውን ዝቅ የማድረግ ችሎታ አስቀድሞ ነበራቸውና። በዚያው ዓመት ግንቦት የስክሪን ደረጃ የሚያወጣው ቬሳ የተባለው ማኅበር ዘዴውን በዲስፕሌይፖርት ደንብ ውስጥ አስገባው፤ በ2015 ፍሪሲንክ የተባሉት ስክሪኖች ገበያ ወጡ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ነገሩ እንደ ጎሳ ጋብቻ ሆነ። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው የኤንቪዲያን ስክሪን ያግባ፣ የኤኤምዲ ያለው የኤኤምዲን። ካርዱን የቀየረ ስክሪኑን ይፍታ። በጥር 2019 ኤንቪዲያ ተለሳለሰና ካርዶቹ ከሌሎቹም ስክሪኖች ጋር እንዲሠሩ በሩን ከፈተ። በዚያን ጊዜ ከሞከራቸው 400 ያህል ስክሪኖች ፈተናውን ያለፉት 12 ብቻ መሆናቸውን ነግሮናል፤ ከዚህ ውስጥ ስንቱ እውነት፣ ስንቱ የነጋዴ ኩራት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ለእኔ ቤት ግን ዋናው ነገር ሌላ ነበር፤ በሩ የተከፈተላቸው ካርዶች ውስጥ የእህቴ ልጅ ጂቲኤክስ 1060 አለ።

ይህንን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ የሠራሁት ስህተት ፊቴ ላይ ተገተረ። ተራ ማባዛት ነው። አሮጌው ስክሪን 1920 በ1080 ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ከሰባ ሦስት ሺህ ነጥብ። እኔ የገዛሁት 3840 በ2160፤ ስምንት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ዘጠና አራት ሺህ። ልክ አራት እጥፍ። ሥራውን አራት እጥፍ አድርጌ፣ ሠራተኛውን እዚያው ትቼ፣ "ለምን ደከመ?" አልኩ። ዓሣውን ያሳየኝ ሻጭ ያጫወተው ፊልም ነበር እንጂ ጌም አልነበረም። ፊልም አስቀድሞ የተሣለ ነው፤ ጌም ግን እያንዳንዱ ሥዕል እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት የሚሣል ነው። ስክሪኑ ሳሎን ተቀምጦ እንግዳ ያያል፤ ካርዱ ሳጥን ውስጥ ተደብቆ ያልባል። የሚታየውን እንጂ የሚሠራውን የማንጠይቅ ሰዎች ሆንን መሰለኝ። እኔ ራሴ ነኝ ምስክሩ።

በመጀመሪያ ያለንን ለማዳን ሞከርን። ከ2018 ወዲህ ካርዶች ጥቂት ነጥብ ሥለው ቀሪውን በግምት የሚሞሉበት ዘዴ መጥቷል። የኤንቪዲያው ዘዴ አዲስ ካርድ ይፈልጋል፤ ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ግን በእኛም ካርድ ይሠራል። ልጁ ሞከረው። ፍጥነቱ ተሻሻለ፤ ግን ሩቅ ያለው ሰው ጉም የለበሰ ሆነ፣ የሚወደው የተኩስ ጌም ደግሞ ከነጭራሹ ዘዴውን አይቀበልም። ተውነው።

ቀጥሎ ያደረግነው ቀድሞ መደረግ የነበረበት ነው። ለልጁ ደብተር ሰጠሁትና የሚጫወታቸውን ጌሞች ስምና በአሮጌው ስክሪን ላይ ካርዱ በሰከንድ የሚሰጠውን ሥዕል እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩት። ጎበዝ ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ መዘገበ። ሁልጊዜ የሚጫወተው የተኩስ ጌም ከ110 እስከ 140። የእግር ኳሱ ሳይቸገር 60። አዳዲሶቹ ከባድ ጌሞች፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ እንኳ፣ ከ45 እስከ 60። ያቺን ገጽ ሳይ የስክሪኑ መልክ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ነጥቡ እዚያው 1080 ይሁን፤ ካርዱ ያንን ይችላል። ምቱ 144 ይሁን፤ ለተኩሱ ጌም የሚመጣው ሥዕል ሁሉ ይሳፈራል፤ በ16.7 ፋንታ በየ6.9 ሚሊ ሰከንዱ ማለት ነው። 240 ሄርዝ ብንገዛ ግን መቶ ያህሉ ወንበር ባዶ ይሄዳል። ከ45 እስከ 60 ለሚንገዳገዱት ደግሞ ታክሲው ያስፈልጋል፤ ፍሪሲንክ ያለው ይሁን። እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። ታክሲውም ቢሆን ገደብ አለው፤ ብዙዎቹ ስክሪኖች ከ48 በታች ሲወርድ መጠበቁን ይተዋሉ። ላዩ የታቹን ከሁለት እጥፍ በላይ ከሆነ ግን አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ እያሳዩ ጉድለቱን ይሸፍኑታል። ከ48 እስከ 75 የሚል ስክሪን ይህንን አይችልም፤ ከ48 እስከ 144 የሚለው ይችላል።

ሁለተኛው ሱቅ ስንገባ ሻጩ አሁንም ወደ ትልቁ ጠቆመን። ደብተሩን አወጣሁ። ፈገግ ብሎ ሲያበቃ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበባቸውና "ጋሼ፣ እንዲህ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም" አለ። ሃያ አራት ኢንች አወጣልን። ልንሄድ ስንል ልጁ "ሳጥኑ ውስጥ ያለው ገመድ የትኛው ነው?" አለ። ኤችዲኤምአይ ነበር። የእኛ ካርድ ታክሲውን የሚይዘው በዲስፕሌይፖርት ገመድ ብቻ ስለሆነ እሱን ለብቻ ገዛን። ያን ባንጠይቅ ኖሮ ሁሉንም በትክክል መርጠን፣ በገመድ ተሸንፈን እንመለስ ነበር። የ1981ዱ ባለ ዘጠኝ እግር መሰኪያ ትዝ አለኝ።

ትልቁን ስክሪን የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር የሰፈር ልጅ ገዛን። እሱ ጌም አይጫወትም፤ የሙሽራዋን ጥልፍ ክር በክር ማየት ነው የሚፈልገው። ሲያበራው ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ሱቁ ውስጥ እኔ የተሰማኝ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ የእሱ እውነተኛ መሆኑ ነው። ከተገዛበት ዋጋ የጎደለውን እኔ ሞላሁ። የአማላጅነት ቅጣት ነው።

አዲሱ የተሰከለት ማታ ልጁ አይጡን ከወዲያ ወዲህ እያመላለሰ "አጎቴ፣ አየኸው? ይታይሃል?" ይለኛል። እውነቱን ልናገር፣ የኔ ዓይን ብዙም አልለየውም። "አዎ፣ አዎ" አልኩት። በዚህ መሃል እናቱ በቪዲዮ ደወለች። ሥራ ጨርሳ፣ ሻሽዋን አስራ፣ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣለች። "እስቲ ስክሪኑን አሳየኝ" አለችው። ስልኩን አዞረላት።

"ይሄ ነው? ትንሽ ነው እኮ! ወንድሜ፣ ያ በፎቶ ያየሁት ትልቁስ?"

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ልጁ ቀደመኝ። "ትልቁን ሸጠነው እማ። ይሄ ያነሰ ነው፣ ግን ከካርዱ ጋር ይስማማል።"

"ይስማማል ስትል?"

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ስልኩን ፊቱ ላይ አስተካከለ። "ይኸውልሽ እማ፣ ባቡርና ታክሲ እንበል..."